የሱዶን ክፍተት ኡቡንቱ ላይ እንዴት እንደፍናለን?

ጎንደር ፒያሳ ወይም ማራኪ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ማሽን ላይ በቀን ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ታውቁታላችሁ። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ኡቡንቱን፣ ቨርዥን 24.04 ከጫናችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

ሱዶ ለተፈቀደለት ተጠቃሚ ብቻ የአስተዳዳሪ ሥራ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ከ1.9.14 እስከ 1.9.17 ባሉት ቨርዥኖች ግን ምንም ፈቃድ የሌለውም ሰው ሩት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችል አስተዳዳሪ፣ መሆን ይችላል። ጣጣው ያለው ሲኤች-ሩት የሚባለው አማራጭ ላይ ነው። ሱዶ ፈቃድ አጣርቶ ሳይጨርስ፣ ተጠቃሚው ራሱ ካዘጋጀው ፎልደር ውስጥ ሴቲንግ ያነባል፤ እዚያ የተጠቀሰለትንም ፋይል በሩት ሥልጣን ያስነሳል። ዘበኛው "ማን ይግባ" የሚለውን ዝርዝር ከእንግዳው ኪስ አውጥቶ እንደሚያነብ ቁጠሩት። የክፍተቱ መለያ ቁጥር ሲቪኢ-2025-32463 ነው። ማስተካከያው የወጣው ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ ሲሳ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም፣ አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ነው ብሎ መዘገበው።

ወደ ሥራው እንግባ። ትእዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ቴርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ምቷቸው።

1. ያላችሁን እዩ። "አፕት ፖሊሲ ሱዶ" በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ኡቡንቱ ጥገናውን የሚጨምረው በድሮው ቨርዥን ላይ ስለሆነ 1.9.15ፒ5 የሚለው ቁጥር ከተስተካከለም በኋላ አይለወጥም። መታየት ያለበት የዚሁ የሱዶ ቁጥር ጭራ ነው፤ 24.04.1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተደፍኗል። ኢንተርኔት የማይለየው ማሽን ራሱ አዘምኖት ሊሆን ይችላል።

2. አፕዴት አድርጉ። መጀመሪያ "ሱዶ አፕት አፕዴት"፣ ቀጥሎ "ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሱዶ"። ሱዶ ራሱ ትንሽ ፋይል ነው፤ ዳታ የሚበላው የፓኬጅ ዝርዝሩን ማውረዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ማሽን ካላችሁ አንዱን ብቻ አዘምኑና እዚያው "አፕት ዳውንሎድ ሱዶ" በሉ። የመጣውን የዴብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ውሰዱት፤ "ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ አይ" ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ። ሌሎቹም 24.04 መሆን አለባቸው። ሰው የሰጣችሁን ዴብ ግን እንዳትጭኑ!

መሃል ላይ መብራት ከሄደ አትደናገጡ። ሲመለስ "ሱዶ ዲፒኬጂ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ" በሉና ደረጃ 2ን ድገሙ።

3. አረጋግጡ። ደረጃ 1ን መልሳችሁ ሥሩ። ሪስታርት አያስፈልግም።

22.04 ላይ ያላችሁ፣ ሱዷችሁ 1.9.9 ስለሆነ ይህኛው አይነካችሁም። በዚያው ሰሞን የወጣ ሌላ ቀለል ያለ ክፍተት ግን ስለሚመለከታችሁ እናንተም አዘምኑ።

4. የሱዶ ፈቃድ ያላቸውን ቀንሱ። ይህ ለብቻው ክፍተቱን አይደፍንም፤ ግን እጃችሁ ከገባ አይቀር ይሠራ። "ጌትኤንት ግሩፕ ሱዶ" ስትሉ ስሞች ይዘረዘራሉ። ድሮ የለቀቀ ሠራተኛ ስም ካለ "ሱዶ ዴልዩዘር" ብላችሁ ስሙን፣ ከዚያ "ሱዶ" የሚለውን ጨምሩ። የራሳችሁን ስም አውጥታችሁ ከገዛ ማሽናችሁ እንዳትቆለፉ ብቻ ተጠንቀቁ።