ቦይለር ሲበላሽ ባለሙያ እንዴት እንደሚጠራ

ባሕር ዳር ሞቃት ናት፣ ቦይለር ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። በጥር ማለዳ ልጅ አጥቦ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ከሁለት ዓመት በፊት የእኛ ቦይለር ማሞቅ አቆመ። የመጣው ልጅ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ "ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ" አለን። ገዛን። አሮጌውን ጎረቤታችን ወስዶ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አስቀየረ። እስከ ዛሬ ይታጠብበታል። እርስዎ ላይ እንዲህ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ራስዎ ይዩ። ብሬከሩ ወድቋል? ታንከሩ ውሃ አለው? ጊዜም ይስጡት። 50 ሊትር ውሃ በ1500 ዋት ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ማታ መብራት ሲዳከም ደግሞ ከዚያም ይቆያል። ሲሞቅ ትርፍ ግፊት ከሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ ቢል አይደንግጡ፤ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። ያንን ቀዳዳ በፍጹም አይድፈኑት።

ከዚያ ሰው ያፈላልጉ። በሰፈርዎ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡትን "ለራሳችሁ ቤት ማንን ትጠራላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። ቦይለር ቧንቧም ኤሌክትሪክም ነው። ቧንቧ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሽቦውን አይንካ። ስልክ ሲደውሉ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "ወንድሜ፣ ቴስተር ይዘህ ነው የምትመጣው?" ቴስተር የኤሌክትሪክ መለኪያው ነው።

ሲመጣ አጠገቡ ይቁሙ። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፋ፣ ቀጥሎ ክዳኑን ይፍታ። ውሃውን የሚያሞቀው የ1500 ዋት ሬዚስታንስ ደህና ከሆነ ቴስተሩ 32 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። አንዱን ጫፍ ሬዚስታንሱ ላይ፣ ሌላውን ውሃውን በያዘው ጋን ብረት ላይ አድርጎ ካነበበ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያሾለከ ነው፤ ይህ ሰው ይገድላል። ቁጥሩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ጎበዝ ባለሙያ ደስ ብሎት ነው የሚያሳይ።

ሬዚስታንስ፣ ቴርሞስታትና ውሃ እንዳያፈስ የሚከለክለው ጎሚኒ ይቀየራሉ። አንዴ ከተፈታ የማግኒዥየም ዘንጉንም ይዩት፤ ጋኑን ከዝገት የሚያድነው እሱ ነው፣ አልቆ ከሆነ ይቀየር። ጋኑ ራሱ ካፈሰሰ ግን ብር አያባክኑበት። "እበይደዋለሁ" የሚል ይኖራል። ብየዳው የውስጡን ሽፋን ያቃጥለውና ከጎኑ እንደገና ይበሳል።

ስለ ገንዘብ አስቀድመው ይነጋገሩ። የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ ዕቃ ለብቻ። አሮጌውን ዕቃ ይዘው ሄደው ራስዎ ይግዙ። ቀብድ ይስጡ፣ ቀሪውን ውሃው ሲሞቅ።

አዲስ የሚሰቀል ከሆነ ግድግዳውን ያስቡ። ባለ 50 ሊትሩ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፣ የብሎኬት ግድግዳችን ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። በፕላስቲክ ፊሸር ብቻ አያሰቅሉት፤ ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ በሚታሰር ቡሎን ይሁን። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ 16 አምፔር፣ ከሌላ ሶኬት ጋር ያልተጋራ። ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት በሚወስደው የኧርዝ ሽቦ ላይ አይደራደሩ። "ያለ ኧርዝም ይሠራል" ካለዎት አመስግነው ይሸኙት። አዎ ይሠራል፤ ሬዚስታንሱ የተሰነጠቀ ቀን ግን ሻወር ስር ያለው ልጅዎ ነው።

ሳይሄድ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ይክፈቱ። መጀመሪያ አየር እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ብቻ ብሬከሩ ይነሳ፤ ባዶ ጋን ላይ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል። ውሃ በሚጠፋበት ቀንም ብሬከሩን ማጥፋት አይርሱ።