ፎልደሩን አጋርቻለሁ፣ ለሌላው ግን አይታይም፦ የዶቭኮት የጋራ ፎልደር ችግርና መፍትሄ

አምስት ሠራተኞች አንድ የኢሜይል አካውንት በአንድ ፓስወርድ ሲጠቀሙ አይቻለሁ። አንዱ ሥራ ሲለቅ ፓስወርዱ ይቀየራል፣ የቀሩት አራቱ ስልካቸው ላይ ኢሜይል መግባት ያቆማል። አንድ ደብዳቤ ቢጠፋ ማን እንደሰረዘው አይታወቅም። ይህ አሠራር መቅረት አለበት። ሁሉም በየራሱ ስምና ፓስወርድ ገብቶ አንዱን ፎልደር አብሮ ማየት ይችላል።

የኢሜይል ሰርቨራችሁ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ዶቭኮት ከሆነ ይህን ማድረግ ይቻላል። ሲዋቀር ግን ብዙ ቦታ ላይ ያደናቅፋል። ምክንያቱም አንድ የጋራ ፎልደር ተከፍቶ እስኪነበብ ሦስት በር ያልፋል። አንደኛው ዲስኩ ላይ ያለው የፋይል ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ኤሲኤል የሚባለው፣ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ዝርዝር ነው። ሦስተኛው የተጠቃሚው ሰብስክሪፕሽን ነው፤ ማለትም የትኞቹ ፎልደሮች እንዲታዩት የመረጠበት ዝርዝር። ሦስቱን ሳይለዩ ኮንፊግ መነካካት ቀን ይፈጃል።

ምልክት፦ ፎልደሩ ለሌላው ሰው ጭራሽ አይታይም

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ። ተንደርበርድ (ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል ማንበቢያ ፕሮግራም) ላይ አካውንቱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ሰብስክራይብ» የሚለውን ክፈቱ። ፎልደሩ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ ምልክት አድርጉበትና አለቀ። ሰብስክሪፕሽን የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነው። ስለዚህ የስልኩ አፕ ይህ ምርጫ ባይኖረው እንኳ ከኮምፒውተር አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

እዚያም ከሌለ ሰርቨሩ ላይ ግቡና «ዶቭአድም ኤሲኤል ዲበግ» የሚለውን ኮማንድ አስኪዱ፤ ዶቭአድም የዶቭኮት ማስተዳደሪያ ኮማንድ ነው። የምትሰጡት የባለቤቱን ሳይሆን ማየት ያቃተውን ሰው ስም ነው። የፎልደሩንም ስም እሱ ሊያየው በሚገባው መልክ ጻፉ። ኮማንዱ ደረጃ በደረጃ ያጣራና የቱ ላይ እንደቆመ ይነግራችኋል። እኔ ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ሁልጊዜ የማስኬደው ይህን ነው።

«ሉክአፕ» የሚባለው ፈቃድ የለም ካለ፣ ሰውየው ፎልደሩን በዝርዝር ውስጥ የማየት መብት አልተሰጠውም ማለት ነው። «ሪድ» (የማንበብ መብት) ብቻ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱን አብራችሁ ስጡ።

ፈቃዱ ሁሉ ተሟልቶ ፎልደሩ ዝርዝር ውስጥ ካልወጣስ? ዶቭኮት ማን ለማን እንዳጋራ የሚመዘግብበት ሌላ ፋይል አለ። በዶቭኮት 2.3 ኮንፊግ ውስጥ «ኤሲኤል ሼርድ ዲክት» በሚል ይጠቀሳል። ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የኤሲኤል ፋይል በእጃችሁ ከፍታችሁ ካረማችሁ፣ ይህ መዝገብ ለውጡን አያውቅም። መብቱ አለ፣ መዝገቡ ላይ ግን የለም፤ ስለዚህ አይታይም። መፍትሄው «ዶቭአድም ኤሲኤል ሪካልክ» ነው፣ በባለቤቱ ስም። ከዚያ ወዲያ በእጅ ማረሙን ተዉት፤ ፈቃድ ስትሰጡ «ዶቭአድም ኤሲኤል ሴት» ተጠቀሙ።

አሁንም እምቢ ካለ መዝገቡ ያለበትን ፎልደር ፈቃድ እዩ። ኢሜይሉን የሚያስተዳድረው ተጠቃሚ፣ ብዙ ቦታ «ቪሜይል» የሚባለው፣ ፋይሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር ውስጥም መጻፍ መቻል አለበት። ዶቭኮት መዝገቡን ሲያድስ እዚያው አዲስ ፋይል ፈጥሮ በአሮጌው ይተካል። ለመዝገቡ የራሱ የሆነ ፎልደር ብትሰጡት ይሻላል።

ምልክት፦ የጋራው ፎልደር ውስጥ ሁሉም የራሱን ኢሜይል ያያል

ግራ የሚያጋባ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ አንዲት ምልክት ናት። በዶቭኮት 2.3 ኮንፊግ ውስጥ አንድ የፐርሰንት ምልክት ማለት «አሁን የገባው ሰው» ነው። ሁለት ፐርሰንት ደግሞ «የፎልደሩ ባለቤት»። የባለቤቱ ሳጥን ያለበትን ቦታ ስትጽፉ አንዷን ከዘለላችሁ፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ሰው ወደ ራሱ ሳጥን ይመልሰዋል። በ2025 የወጣው 2.4 ይህን አጻጻፍ ቀይሮታል። ከ2.3 የተገለበጠ ኮንፊግ 2.4 ላይ እንዳለ አይነሳም፤ ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት ቨርዥናችሁን እዩ።

የፎልደር መለያያችሁ ነጥብ ከሆነና የተጠቃሚዎቹ ስም ውስጥም ነጥብ ካለ ሌላ ጣጣ አለ። ዶቭኮት የሰውየው ስም የት እንዳበቃና ፎልደሩ የት እንደጀመረ መለየት ያቅተዋል። መለያያውን ወደ ስላሽ ለውጡ፣ ሁሉም ኔምስፔስ (ኮንፊጉ ውስጥ የግልና የጋራ ፎልደሮች የሚመደቡበት ክፍል) ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ምልክት፦ ይታያል፣ ሲከፈት ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል

ይህ ዲስኩ ላይ ያለው በር ነው። ሁሉም ኢሜይል በአንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ስር ከሆነ እምብዛም አያጋጥምም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የሊኑክስ አካውንት ሲኖረው ነው የሚመጣው። ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን ፋይል) አንብቡ፤ ዶቭኮት የትኛው ፎልደር ላይ የትኛው ፈቃድ እንደጎደለ በግልጽ ይጽፋል። ሰዎቹን አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡና ፎልደሩን ለግሩፑ 0770 (ባለቤቱና ግሩፑ ሁሉንም የሚችሉበት፣ ሌላው ምንም የማይችልበት) አድርጉት። ወደ እሱ የሚወስዱት የላይኞቹ ፎልደሮችም ለግሩፑ ማለፊያ መስጠት አለባቸው፤ የሚረሳው ይሄ ነው። ቸኩላችሁ 0777 (ለማንም ክፍት) እንዳታደርጉት። የሰው ደብዳቤ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ሲያነበው ለሁሉም «ተነቧል» ይሆናል

ሜይልዲር (እያንዳንዱን ደብዳቤ በየራሱ ፋይል የሚያስቀምጥ አሠራር) የተነበበ ደብዳቤን የሚለየው በራሱ በፋይሉ ስም ላይ ምልክት ጨምሮ ነው። ፋይሉ አንድ ስለሆነ ምልክቱም አንድ ነው። ለየብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ 2.3 ላይ «ኢንዴክስ ፒቪቲ» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ፤ ያኔ የእያንዳንዱ ሰው «ተነቧል» በራሱ ሳጥን ይያዛል።

ግን ከመጨመራችሁ በፊት ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋገሩ። ደንበኛ የሚጽፍበት ፎልደር ከሆነ የጋራው ምልክት ይጠቅማል፤ አንዱ ያየውን ሌላው ደግሞ አይመልስም። ለማስታወቂያና ለሰርኩላር ግን ለየብቻ መሆን አለበት።

ምልክት፦ ያነበብኩት ተመልሶ ያልተነበበ ይሆናል፣ የሰረዝኩትም አይጠፋም

ሁለቱም የመብት ጉድለት ናቸው። ለመጀመሪያው «ራይት ሲን» ጎድሏል። ለሁለተኛው ሁለት መብት ያስፈልጋል፦ «ራይት ዴሊትድ» ደብዳቤውን ለመሰረዝ ምልክት ማድረጊያ ነው፣ «ኤክስፐንጅ» ደግሞ ከሰርቨሩ ማጥፊያ። ደብዳቤ ወደ ሌላ ፎልደር ማዛወርም ቀድቶ ማጥፋት ስለሆነ ሁለቱን ይጠይቃል፤ በሚገባበት ፎልደር ላይም «ኢንሰርት» ይፈልጋል። እኔ «ኤክስፐንጅ»ን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ ነው የምሰጠው።

ምልክት፦ በሲቭ ወደ ጋራው ፎልደር የላክሁት ኢንቦክስ ውስጥ ቀረ

ሲቭ ደብዳቤ ሲደርስ የት እንደሚገባ የሚወስን ሕግ መጻፊያ ነው። ደብዳቤ በራሱ ወደ ጋራው ፎልደር እንዲገባ የሲቭ ሕግ የጻፈው ሰው «ፖስት» የሚባለው መብት ያስፈልገዋል። ከሌለው ሲቭ ደብዳቤው እንዳይጠፋ ብሎ በዚያው ሰው ኢንቦክስ ያስቀምጠዋል። መብቱን ስጡና አንድ ደብዳቤ ልካችሁ ሎጉን እያያችሁ ሞክሩት።