ብዙ ኪሎ ሜትር የቆጠረ ፒክ አፕ፦ ፍሬኑን ማጠናከርና የሞተሩን ሙቀት መንስኤ መለየት

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ፣ ጭነት የያዘ አሮጌ ፒክ አፕ ቁልቁለቱን የሚጨርሰው በፍሬኑ ብርታት ነው፤ ሲመለስ ደግሞ በመኪና ሰልፍ መካከል ያንኑ ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ስለሚወጣ ሸክሙ በሞተሩ ላይ ያርፋል። 300,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ መኪና በሁለቱም በኩል አንድ ላይ ቢደክም አያስገርምም። የባለቤቱ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ለሞተሩ ነው፤ የሙቀት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ሲወጣ ያስደነግጣል፣ ፍሬን ግን ቀስ በቀስ ስለሚደክም እግር ይለምደዋል። እኔ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እመክራለሁ። የሞቀ መኪና ዳር ይዞ ሊቆም ይችላል፤ ፍሬኑ የከዳ መኪና ግን ይህም ዕድል የለውም። በዚያ ላይ ፍሬኑ ይዞ የማይለቅ አንድ ጎማ ሞተሩን ሳይጫን እንደ ተጫነ ስለሚያደርገው፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አቅርቦ የአራቱን ሙቀት ማነጻጸር ለሁለቱም ችግሮች የሚጠቅም የመጀመሪያ ምርመራ ነው።

ፍሬኑ

ፍሬን ማጠናከር ሲባል ብዙ ሰው ከሱማሌ ተራ ከትልቅ መኪና የተነቀለ ሰፊ ዲስክ ገዝቶ መግጠም ይመስለዋል። በአሮጌ ፒክ አፕ ላይ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ማጠናከር ፍሬኑን ፋብሪካው ወደ ሠራው ጉልበት መመለስ ነው፤ ይህ ሳይደረግ የተገጠመ ትልቅ ዲስክ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የማይነሳው ጎማ በሁለት በኩል ድንጋይ ተደርጎበት፣ በክሪክ ከተነሳ በኋላም ከሻሲው ሥር ጠንካራ ድጋፍ ተደርጎ ጎማው ይፈታል፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። የፊት ሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየራል፣ ሁልጊዜም በግራና በቀኝ በአንድነት። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ በካሊፐር መለኪያ ይለካል፤ ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ቢላጥ ይበልጥ ከመሳሳት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም፣ ሙቀት የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። አንደኛው ሸራ ከሌላው በጣም ቀድሞ ካለቀ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው የፍሬን ካሊፐር ፒስተን ወይም ተንሸራታች ፒኖቹ ደርቀዋል ማለት ነው። የፍሬን ብናኝን በአየር መንፋት የተለመደ ቢሆንም ለሳንባ መጥፎ ነውና በእርጥብ ማጠብ ይሻላል።

ከሸራው ይልቅ የሚረሳው ከብረት ቱቦው ወደ ጎማው የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ነው። ሃያ ዓመት የቆየ ቱቦ ፔዳሉ ሲረገጥ ስለሚያብጥ ፍሬኑ ስፖንጅ ይመስላል፤ አንዳንዴም ከውስጥ ተልጦ ዘይቱን አሳልፎ አይመልስም፣ ያን ጊዜ ጎማው ይይዛል፣ መኪናውም ወደ አንድ በኩል ይስባል። እንዲህ ያለው ቱቦ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል በዕድሜው ብቻ መቀየሩ ተገቢ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 በሚባለው ደረጃ ያለ አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲገባው ግን ወሰኑ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፔዳሉ በድንገት እስከ ወለሉ ቢገባበት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው በቱቦው ውስጥ የፈላ ዘይት ነው። በዶት 3 ፋንታ ዶት 4 መጠቀም ርካሹ እውነተኛ ማሻሻያ ሲሆን በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። አየር ማስወጣት የሚጀመረው በተለምዶ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከሚርቀው፣ መሪው በግራ በሆነው በእኛ መኪና ከኋላ ቀኝ ጎማ ነው፤ የወጣው ዘይት ንጹሕ ቢመስልም ተመልሶ አይጨመርም።

በኋለኛው አክስል አጠገብ ያለው፣ በጭነት መጠን የኋላውን የፍሬን ኃይል የሚመጥነው ቫልቭ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በሻሲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው። በከተማችን ፒክ አፕ ብዙ እንዲጭን ባሌስትራ ይጨመርለታል፤ ሻሲው ስለሚነሳም ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ውጤቱ አሥራ አምስት ኩንታል የጫነ መኪና በአብዛኛው በፊት ፍሬን መቆሙ ነው። ባሌስትራ የጨመረ ሰው የቫልቩን ዘንግ በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ይኖርበታል። የኋላው ታምቡርም ተከፍቶ ራሱን የሚያስተካክለው ዘዴ መሥራቱ፣ ጎሚኒዎቹም (የፍሬን ሲሊንደሩ የላስቲክ ማሸጊያዎች) አለማፍሰሳቸው ይታያል።

ሰርቮውን፣ ማለትም የእግርን ግፊት የሚያግዘውን ክፍል፣ ለመፈተን ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ አምስት ጊዜ ያህል ይረገጣል፤ ከዚያ እንደ ተረገጠ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ቫኪዩም ፓምፕና ቱቦውን መመርመር ይገባል። ሰርቮ የሚገፋው በአየር ግፊት ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የደከመ ሰርቮ እዚህ ቶሎ ይታወቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እገዛው ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፍሬኑ አሁንም ለጭነቱ ካነሰ ብቻ ነው ሰፊ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር የሚታሰበው፤ ያኔም ቸርኬው ውስጥ መግባቱና የማስተር ሲሊንደሩ መጠን መጣጣሙ ቀድሞ ይረጋገጣል። አዲስ ሸራ መንገዱ ጭር በሚልበት በእሑድ ማለዳ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ፣ ጨርሶ ሳይቆሙና በየመካከሉ እያቀዘቀዙ ከዲስኩ ጋር ይለማመዳል።

የሞተሩ ሙቀት

እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ መቼ ይሞቃል የሚለው ነው። ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲሄድ ግን የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ያመራል፦ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ የፋን ክላች (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክፍል)። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑ በእጅ ሲዞር በተቃውሞ መዞር ይገባዋል፤ ተገፍቶ ብዙ ዙር በነጻነት ከዞረ ክላቹ አልቋል። ዳገት ላይ በጭነት ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተዘግቷል ወይም ውሃው በሚገባ አይዘዋወርም። በጠዋት በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ ቱቦ የሚጠነክር ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሮቹን ከላይ ወደሚከድነው ቴስታታ መመልከት ያስፈልጋል።

ብዙ ሳይታሰብ የሚታለፈው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግን ግፊት ይዞ መፍያውን ወደ 114 ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ያለው መኪና ስለዚህ ምንም ሳይጎድለው ሊፈላ ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት የሚያቃጥለውም ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ስለሚሆን ነው።

ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ክፍል፣ አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የሚሰጥ መፍትሔ ነው፤ የእኔንም አንድ ጋራዥ ሳይነግረኝ አውጥቶት ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አለመሞቁና ናፍጣ መብላቱ አንድ ጉዳት ነው፤ በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን መንገድ ስለሚዘጋ፣ እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይገባ ይመለሳል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ለመፈተን በድስት ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሞቃል። 82 የተጻፈበት በዚያ ሙቀት አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ይሁንና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ገደማ ስለሆነና የእኛ ውሃ ከዚያ በፊት ስለሚፈላ፣ በከፊል ብቻ ስለተከፈተ ተበላሽቷል ተብሎ መጣል የለበትም።

ራዲያተሩ በውጭ በኩል ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት በለሰለሰ የውሃ ግፊት ይታጠባል፤ ጠንካራ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ከውስጥ ድንጋይ ስለሚሠራ ይጠረጋል፣ በኋላም ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ተቀላቅሎ ይሞላል። ከውሃ ፓምፑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በኩል የወረደ የኩላንት መስመር ካለ ፓምፑ ይቀየራል።

ውሃ እየጎደለ የሚያፈስበት ቦታ ካልተገኘ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ የማያቋርጥ አረፋ መታየቱ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት መምሰሉ፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከማርሚታው መውጣቱ ምልክቶቹ ናቸው። ለማረጋገጥ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገውና የሲሊንደር ጋዝ ሲያገኝ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጠው ፈሳሽ አለ፤ ቴስታታ ከማስፈታት እጅግ ይረክሳል። ቴስታታው ከተፈታ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም አይበቃም። ስንጥቅ እንደሌለው በግፊት ይፈተን፣ መጣመሙ በቀጥ ያለ ማስመሪያ ይታይ፣ የሚላጥ ከሆነም ከመላጡ በፊት ስንጥቁ ይመርመር፤ የተሰነጠቀ ቴስታታ ለማስላጥ የሚከፈል ገንዘብ ለሌላ ቴስታታ መግዣ ቢቀመጥ ይሻላል።