ረንፍላት ጎማ፦ ሲያንገጫግጭና ዳርና ዳሩ ሲያልቅ

«መኪናው ያንገጫግጫል። አየር ቀነስኩለት፤ ያው ነው። ጭራሽ ጎማው ዳርና ዳሩ ማለቅ ጀመረ።»

ረንፍላት (አየሩ ቢያልቅም ለተወሰነ ርቀት የሚነዳ ጎማ) የገጠሙ መኪኖች ወደ እኔ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ይዘውት የሚመጡት ቅሬታ ይሄ ነው። ቃላቱ ይለያያሉ፤ ታሪኩ አንድ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሌሎቹን ወደ ታች አለፍ አለፍ እያልኩ አነሳቸዋለሁ።

መጀመሪያ ጎማችሁ በእርግጥ ረንፍላት መሆኑን ጎኑ ላይ አንብቡ። ብሪጅስቶን አርኤፍቲ፣ ሚሸሊን ዜድፒ፣ ኮንቲኔንታል ኤስኤስአር፣ ጉድይር አርኦኤፍ ብለው ይጽፋሉ። ለቢኤምደብልዩና ለሚኒ የተሠራ ከሆነ አርኤስሲ የሚል ምልክት ታገኛላችሁ።

አየር መቀነስ ለምን አያለሰልሰውም?

በተራ ጎማ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው በአብዛኛው አየሩ ነው። ጎኑ ስስ ስለሆነ አየር ሲጎድልበት መሬት ላይ ይዘረጋል። ከሩቅ ታዩታላችሁ። ረንፍላት ግን ጎኑ ውስጥ ወፍራም፣ ደንዳና ላስቲክ ተጨምሮበታል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ እንኳ ያ ጎን ቆሞ መኪናውን ይይዛል። ጥቅሙም ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ጠጣሩ ጎኑ ስለሆነ አየር ስትቀንሱለት የምታገኙት ልስላሴ ትንሽ ነው። ጎኑ ግን በየዙሩ ከልክ በላይ ይታጠፋል፤ ይሞቃል። ጥርሱም መሬት የሚነካው በሁለቱ ዳር ይሆንና መሃሉ ሳይነካ ዳርና ዳሩ ያልቃል።

የሚከፋው ደግሞ ጉድለቱ በዓይን አለመታየቱ ነው። አንድ ወጣት ደንበኛ የኋላ ጎማው ድምፅ እያሰማ መጣ። «አየሩስ?» አልኩት። «ሙሉ ነው፣ እየው እኮ» አለኝ። እውነትም ለሚያየው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጌጁን (የአየር መለኪያውን) ስሰካው 19 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አነበብኩ። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ያለው፣ የተመከረውን አየር የሚናገረው ተለጣፊ የሚለው 35 ነው። ጎማውን ከቸርኬው ሳወጣው ከሆዱ እንደ ከሰል ብናኝ ያለ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ። በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን የተጨማደደ መስመር ነበረበት፤ ጥፍሬን ሳስገባበት ጎማው እየተፈረፈረ ወጣ። ጥርሱ ገና 5 ሚሊ ነበር። ከውጭ ደህና ጎማ ነው፤ ከውስጥ ግን አልቆለታል። ያን ዱቄት ካያችሁ ፓች አታስለጥፉ፣ አየርም አትሙሉት። ጣሉት።

ልጁን «የጎማ አየር መብራት አልበራብህም?» ብዬ ጠየቅሁት። በርቶ ነበር። ሪሴት አደረገው፤ ጠፋ። በቃ።

ይህን ነገር እባካችሁ አስተውሉት። ብዙ መኪኖች ላይ ጎማው ውስጥ ሴንሰር የለም። መኪናው አየር መጉደሉን የሚያውቀው በኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሲስተም) በኩል የአንዱ ጎማ ዙር ከሌሎቹ ሲለይበት ነው። ሪሴት ስትሉት «አሁን ያለው ልኩ ነው» ብላችሁ እያስተማራችሁት ነው። 24 ላይ ሪሴት ካደረጋችሁት 24ን ልክ ብሎ ይይዝላችኋል። ሪሴት የሚደረገው አራቱም ጎማ በትክክል ከተሞላ በኋላ ብቻ ነው። ትክክለኛ ሴንሰር ያላቸውም ቢሆኑ ቶሎ አይጮሁም። በአሜሪካ ደንብ መብራቱ መብራት ያለበት አየሩ ከተመከረው 25 በመቶ ሲወርድ ነው። 35 መሆን የነበረበት ጎማ 27 ላይ ሆኖ መብራቱ ላይበራ ይችላል ማለት ነው። መብራት አለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ጎማ አየር የሚጎድልበት ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ሙቅ ጎማ ላይ አየር መቀነስ ነው። ሰው ረጅም መንገድ ነድቶ ይመጣል። ሲለካው 39 ያነባል። «በዝቷል» ይልና 34 ላይ ያደርሰዋል። ጠዋት ቀዝቅዞ ቢለካው 29 ነው። ጎማ ሲነዳ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። ሙቅ ጎማ ላይ አየር አይቀነስም። ይህን ለአንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ በአራተኛው ሁለት የፊት ጎማ ቀይሮ ነው የገባው።

መፍትሄው

መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ ለኩ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ከሆነ በጣም ጥሩ። ቁጥሩን ከሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ አንብቡ፤ ጎማው ላይ አታንብቡ። ተለጣፊው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ረድፍ አለ፦ አንዱ ለቀላል ጭነት፣ ሌላው መኪናው ሲሞላ። የፊቱና የኋላውም ሊለያይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ የቀላሉን ጭነት ቁጥር ያዙ። በሕጋዊ መንገድ የምታገኙት ምቾት ያ ነው። ከዚያ በታች አትውረዱ።

ጌጅ የራሳችሁ ይኑራችሁ። ርካሽና የወዳደቀ ጌጅ ያናድደኛል። በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ጌጅ ሰክቼ 4 ፒኤስአይ ሲለያዩ አይቻለሁ። አንድ ደህና ጌጅ ግዙና ሁልጊዜ በእሱ ብቻ ለኩ።

የአየር ጠባይ ሲለወጥ ደግማችሁ ለኩ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ አብሮ ይወርዳል። በሙቀት ወር የሞላችሁት በብርዱ ወር ሳይተነፍስ ይጎድላል።

መሃሉ ብቻ ካለቀና መኪናው እየዘለለ ካስቸገረ

አየር በዝቷል። ምክንያቱ ዘጠና በመቶ ማለት እስኪቻል ድረስ አንድ ነው፦ የሞላው ሰው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን 50 ወይም 51 ፒኤስአይ አንብቦ እሱን ሞላው። ያ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ መኪናው የሚፈልገው አይደለም። በረንፍላት ላይ ደግሞ የጎኑ ድርቀት ሲጨመርበት ወገብ ይሰብራል። እንዲህ ተሞልቶ የመጣን መኪና ወደ 34 አወረድኩት። ባለቤቱ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «አሞርዛተር ነው የቀየርክልኝ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

አየሩ ልክ ሆኖም ካንገጫገጨ

የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጋር የተጻፈው የመጨረሻው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 ካለ የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል። ከዚያ አሞርዛተሩን፣ ከዚያ ጎሚኒዎቹን (በእግሩ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉትን ላስቲኮች) እዩ። ጥርሱ ላይ እጃችሁን ስታንሸራትቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለ አሞርዛተሩ ደክሟል።

ውስጠኛው ዳር ብቻ ካለቀ

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ ልክ አይደለም። መሪውን አዙራችሁ፣ የኋላውን ደግሞ ተኝታችሁ እዩት፤ ከውጭ አይታይም። ሽቦው ወጥቶ እያለ «ጎማዬ አዲስ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጎማ ሳትቀይሩ በፊት አላይመንቱን አሠሩ፤ አለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።

አየር በየሳምንቱ የሚያጣ ከሆነ

ሚስማር ካልተገኘ ቫልቩን፣ ከዚያ የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝ በሳሙና ውሃ እዩ። የረንፍላት ደንዳና ጎን የጉድጓዱን ምት አይውጥም፤ ወደ ቸርኬው ያሳልፈዋል። ቸርኬው በውስጥ በኩል ፀጉር በምታክል ስንጥቅ ይሰነጠቃል። አንዴ ጎማውን ሁለት ጊዜ ካስለጠፈ ሰው ጋር አረፋው ከቸርኬው ሲወጣ አብረን አይተናል።

ጎማው ጎን ላይ እባጭ ካለ፦ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ይቀየራል። ጥገና የለውም።

በ90 ወይም በ100 ፍጥነት መሪ የሚያንቀጠቅጥ፦ ባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አይደለም።

አየር አልቆ የተነዳ ጎማ

በአብዛኛው የሚሰጠው ገደብ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱም ከ80 አይበልጥም። መኪናው ሙሉ ጭነት ከያዘ ከዚያም ያንሳል። ብዙ አምራቾች ባዶውን የተነዳ ረንፍላት እንዳይጠገን ይመክራሉ። ለምን እንደሆነ ከላይ ስለ ጥቁሩ ዱቄት ያልኩትን አስታውሱ። ጎማውን ሳያወጣ ከውጭ ብቻ ወግቶ የሚሰፋላችሁን ሰው አታምኑት። ማውጣትና ማስገባቱም ረዳት ክንድ ያለው ማሽን ይፈልጋል። በብረት እየፈለቀቁ የሚያወጡት ሰዎች የጎማውን ከንፈር (ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን ጠርዝ) ይቀድዳሉ፤ ከዚያ አየር መያዝ እንቢ ይላል።

«ወደ ተራ ጎማ ብቀይረውስ?»

ይለሰልሳል፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉድጓድ ታውቁታላችሁ። ግን አራቱንም በአንዴ ቀይሩ፤ በአንድ አክስል ላይ (ለምሳሌ በሁለቱ የፊት ጎማዎች) ሁለቱን ዓይነት አትቀላቅሉ። ረንፍላት ይዘው የሚመጡ መኪኖች ብዙ ጊዜ የትርፍ ጎማ ቦታ እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ቢያንስ ኮምፕረሰርና ማሸጊያ ፈሳሽ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ጎማችሁ ሴንሰር ካለው ለሴንሰር የማይጎዳ መሆኑ የተጻፈበትን ፈሳሽ ግዙ። አራቱንም ቀይራችሁ አየሩን ከሞላችሁ በኋላ ሪሴት አድርጉት።