“ገብቷችኋል?” እና ሌሎች የተለማማጅ መምህራን ስህተቶች

ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሲከፈት ርዕሰ መምህራችን በመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ብቅ ይልና “ልጆችሽ መጡልሽ” ይለኛል። ልጆቼ የሚላቸው ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የተላኩትን ነው፤ ኮሌጁ ፕራክቲከም ይለዋል። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፉት አሥራ አራት ዓመታት ተለማማጅ ያልተቀበልኩበት ዓመት የለም። እወዳቸዋለሁ። አዲስ ጋውን ለብሰው፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ሰክተው፣ አንዱ ሲገባ አራቱ ተከትለውት ሲገቡ ያሳሱኛል። ዘንድሮ ግን አንዱን ስህተት እንደገና አይቼ አላስችል ስላለኝ፣ እሱንም ሌሎቹንም ልጻፋቸው።

በቀላሉ ልጀምር። የትብብር ደብዳቤያችሁን ለርዕሰ መምህሩ ሳትሰጡ ክፍል አትግቡ። ማረፊያ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ወንበር ከመሳባችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ የቆየ መምህር ነው።

ልምምዱ የሚጀምረው በምልከታ ነው። ከኋላ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ፣ ቅጽ ትሞላላችሁ። ብዙዎቻችሁ የምታዩት እኔን ነው። እኔ ምን እታያለሁ? የመምህር አቋቋምና የሰሌዳ አጠቃቀም ኮሌጅ ተምራችሁታል። ከኋላ የመቀመጥ ጥቅሙ መምህሩ ከፊት ሆኖ የማያየው ነገር መታየቱ ነው። ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት ሆነው ከተቀመጡት ልጆች የትኛው ለክርኑ ቦታ አጥቶ መጻፍ እንደሚተው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ስታርፍ በበሩ በኩል ላሉት ምን እንደሚጠፋባቸው የሚታየው ከዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዷ ተለማማጅ በሦስተኛው ቀን “እትዬ፣ ያቺ ልጅ የምትገለብጠው ከሰሌዳው አይደለም፤ ከጎረቤቷ ደብተር ነው” አለችኝ። ልጅቷ ዐይኗ ይደክም ነበር። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ሰነፍ ናት ብዬ ይዣት ነበር። የዚያች ተለማማጅ ቅጽ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ሌሎቹ በሙሉ “በጣም ጥሩ” “በጣም ጥሩ” እያሉ እስከ ታች ሞልተውልኛል። ስልኩን በዴስክ ሥር ይዞ የሚመለከተውን አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ተለማማጁ የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር ያስተምራል። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ይጽፋል። ትንሹ የጋራ ብዜት 6 መሆኑን ያሳያል፣ 3/6 + 2/6 ብሎ 5/6 ላይ ይደርሳል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ድምፁም እስከ ኋላ ይሰማል። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ይልና “ገብቷችኋል?” ይላል። ስልሳ አራት ልጅ በአንድ አፍ “አዎ!” የተለማማጁ ፊት ይበራል። “ያልገባው አለ?” “የለም!” ወደ ቀጣዩ ምሳሌ።

እኔ ከኋላ ተነሥቼ በረድፎቹ መሐል አልፋለሁ። 1/2 + 1/4 ሥሩ ተብለዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ ደብተር 2/6 ይላል። አጠገቡ ያለውም 2/6። ከፊታቸው ያለችው ደግሞ 3/4 ጽፋ ነበር፤ የጎረቤቷን አይታ ሰርዛ 2/6 አደረገችው። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት እየደመሩ ነው። በዚያ አንድ ረድፍ ካሉት አሥራ አምስት ልጆች አሥራ አንዱ እንዲሁ ናቸው። “አዎ!” ሲሉ ግን አልዋሹም። “ገብቷችኋል?” የሚባለው ጥያቄ መልሱ “አዎ” መሆኑን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ተምረዋል፤ እንዲያውም ትምህርት ቤት አጥርቶ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። “እንደምን አደርክ?” ሲባል “እግዚአብሔር ይመስገን” እንደ ማለት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲያመው ያደረም ይለዋል።

ይህን ተለማማጆቹ ላይ ያስገባው በከፊል ኮሌጁ ነው ብዬ አምናለሁ። ማይክሮ ቲቺንግ በሚባለው ልምምድ ተማሪ ሆነው የሚቀመጡላችሁ የክፍል ጓደኞቻችሁ ናቸው። ጓደኛ ክፍልፋይ አይስትም፤ ቢስትም ሊያሳፍራችሁ አይፈልግም። “ገብቷችኋል?” ስትሉት “አዎ” ይላል፣ ነጥብ ይሰጣችኋል። ያንኑ ይዛችሁ ስልሳ አራት ልጅ ፊት ትቆማላችሁ።

የዚሁ ስህተት መንትያ “ሌላ?” የምትለዋ ቃል ናት። ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከፊት ያሉት “ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!” እያሉ ጣታቸውን ዐይናችሁ ውስጥ ሊከቱ ይደርሳሉ። አንዱ ይነሣል፣ ይስታል። “ተቀመጥ። ሌላ?” ሁለተኛው ይስታል። “ሌላ?” ሦስተኛው። “ሌላ?” አራተኛዋ “ሦስት አራተኛ” ትላለች። “ጎበዝ! አጨብጭቡላት!” ጭብጨባ፣ ወደ ቀጣዩ። ከክፍል ስንወጣ ተለማማጁን “ሦስቱ ልጆች ምን ብለው ነበር የመለሱት?” አልኩት። አያስታውስም። ሦስቱም “ሁለት ስድስተኛ” ነበር ያሉት! ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው፤ የልጅቷ ትክክለኛ መልስማ መጽሐፉም ላይ አለ። 2/6 ማለት ሲሶ ነው። እንግዲህ ግማሽ ዳቦ የያዘ ልጅ ሩብ ዳቦ ተጨምሮለት ሲሶ ቀረው ማለት ነው። ይህን በማግስቱ ራሴ ገብቼ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ከኋላ አንዱ “ዳቦውን ማን በላው?” አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ወረቀት እያጠፍን ስናሳያቸው ትንሹ የጋራ ብዜት ለምን እንደሚፈለግ ለማስረዳት አልተቸገርኩም።

እኔስ? የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት “ገብቷችኋል?” ስል ነው የኖርኩት። ያስተዉኝ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት ባልደረባዬ ናቸው። በመስኮት በኩል ሲያልፉ ሰምተውኝ ኖሮ በእረፍት ሰዓት “ልጄ፣ ገብቷቸው ከሆነ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ወጥተሽ ሻይ አትጠጪም?” አሉኝ። ለሁለት ቀን ተቀይሜያቸው ነበር።

ምን ይደረግ? አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ “ደብተራችሁ ላይ ሥሩ” በሉ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉና በረድፎቹ መሐል ሂዱ። ስልሳ አራት ደብተር በሁለት ደቂቃ አይታይም። ዛሬ በግድግዳው በኩል ያለውን ረድፍ፣ ነገ የመሐሉን አሥር ደብተር ካያችሁ ክፍሉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ተለማማጆች ዝምታውን ይፈሩታል፤ መምህር ካልተናገረ ያላስተማረ ይመስላቸዋል።

የዕለት ትምህርት ዕቅድን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። “ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ይገነዘባሉ” የሚል ዓላማ አትጻፉ፤ መገንዘባቸውን በምን ታዩታላችሁ? “የተለያየ ታህት ያላቸውን ሁለት ክፍልፋዮች ይደምራሉ” በሉ። ሁለተኛ፣ የቀደሙትን ተለማማጆች ዕቅድ ስትገለብጡ ቢያንስ ቀኑን ቀይሩ።

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ አይደለም። ከእረፍት መልስ ከሆነ ውኃ ጠጥተው፣ ተጋፍተው፣ ገብተው እስኪቀመጡ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። በልግ ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድና የገዛ ድምፃችሁ ለራሳችሁ አይሰማም። አንዱ ተለማማጅ ከዝናብ ጋር ሲጮህ ከርሞ ለሦስት ቀን ድምፁ ተዘጋ። ዝናብ ሲጥል የሚሠራ የጽሑፍ ሥራ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ስም አጥኑ። “አንተ ባለ ሰማያዊ ሹራብ” ስትሉ ስልሳ አራቱም ቀና ይላሉ፤ የደንብ ልብስ ነው።

ዱላ። ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን በየዓመቱ ከኛው መምህራን አንዱ “ሳትይዝ አትግባ፣ ይንቁሃል” ብሎ ተለማማጁን ጎማ ወይም አርጩሜ ያስጨብጠዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል። የቆየው መምህር ቢመክራችሁም፣ ወላጅ መጥቶ “ቅጡልኝ” ቢላችሁም ያው ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ይዤ ገብቻለሁ፤ መትቻለሁም። የመታሁት ልጅ ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል፤ ስሳፈር ሒሳብ አይቀበለኝም። በተሳፈርኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ከእኛ ስለሚመጣባችሁም ልናገር። መምህር ሲቀር “ተለማማጁ ይሸፍን” ይባላል፤ ፈተና ሲታረም፣ ሮስተር ሲሞላ ትጠራላችሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። አልፎ አልፎ ማገዝ ያስተምራል፤ ሳምንቱን ሙሉ አራት ክፍል ብቻችሁን ከገባችሁ ግን መዝግባችሁ ያዙና ለኮሌጁ ሱፐርቫይዘር ንገሩ። ቅሬታውን በመጨረሻው ቀን ይዞ መምጣት ለማንም አይጠቅምም። አጎቴ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ተልኮ አስተምሯል። ከኋላው ተቀምጦ “ይህን እንዲህ አድርገው” የሚለው ሰው አልነበረውም። “እኔ የለመድኩት በእነሱ ላይ ነው” ይላል ስለ ተማሪዎቹ ሲያነሣ። እናንተ ሰው ተመድቦላችኋል፤ ጠይቁን። “እትዬ፣ ዛሬ ምን አጠፋሁ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ከአምስቱ አንዱ ነው።

የምዘናው ቀን ሌላው ጉድ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ነው ሲባል ተለማማጁ ማታውን ባለቀለም ካርቶን ሲቆርጥ ያድራል፣ በማግስቱ ባለፈው ሳምንት ያስተማረውን ትምህርት መልሶ ያስተምራል። ልጆቹም ተመክረዋል፤ የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያወጣል፣ ተለማማጁም ቀኝ ብቻ እየመረጠ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ይህ ሁሉ በሰላም እየሄደ ሳለ ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ተነሥታ “ቲቸር፣ ይህንን እኮ ማክሰኞ ጨርሰነዋል፤ ቀኑን ብቻ ነው የቀየሩት” አለች። ሱፐርቫይዘሩ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ግን እሱም ተለማማጅ ነበር፣ እኔም ነበርኩ፤ የተለማመዱትን ትምህርት ከጀርባ ሆነን እናውቀዋለን። ልጆቹ ስተው እናንተ ስታቃኑ ማየት ነው የሚፈለገው።

ተግባራዊ ምርምር የሚባለውን ከኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አትግዙ። የገጽ 1 ትምህርት ቤት የእኛ፣ የገጽ 9 ትምህርት ቤት የሌላ ወረዳ የሆነበትን ሥራ እንድፈርምበት ቀርቦልኛል። ርዕሱ “የተማሪዎች ማርፈድ” ነበር፤ በእኛ ትምህርት ቤት የሚያረፍዱት መምህራን ናቸው። ከዚያ ይልቅ ያንን 2/6 ያዙት። ስንት ልጅ እንደጻፈው ቁጠሩ፣ ወረቀት አጥፋችሁ አስተምሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ስምንት ገጽ ይበቃል።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ የያዛችሁትን ሁሉ መልሱ፦ የመምህሩን መምሪያ፣ የማርክ ዝርዝሩን፣ ማስመሪያውን፣ በተለይ ደብተሮቹን። ባለፈው ዓመት አንዱ ተለማማጅ ሠላሳ አንድ ደብተር “አርሜ አመጣለሁ” ብሎ ወስዶ በዚያው ወደ አገሩ ሄደ። ወላጆች በሩ ላይ ተሰለፉብኝ፤ እኔም ስልክ ስደውል ሰነበትኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብተሮቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወረዱ፤ የረዳቱን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከረጢቱን እዚያው መናኸሪያ ፈትቼ አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። አንዱም አልታረመም ነበር።