የሰማይ ድንጋይ ዕድሜ ሲሰላ፦ ማግኒዥየም ከማዕድኑ ማምለጡን እንዴት እንፈትሽ?

ከሜትዮራይት የሚገኝ ዕድሜ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ማዕድኑ የተፈጠረበት ጊዜ፣ ወይም በቂ ያህል ቀዝቅዞ አተሞቹን ማሾለክ ያቆመበት ጊዜ። ሁለቱን ሳይለዩ ቁጥር መጻፍ ከባድ ስሕተት ነው። ደግነቱ፣ ልኬቱ አንዴ ከታተመ በኋላ ማጣራቱን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ በካልኩሌተር ወይም በኤክሴል መሥራት ይቻላል።

እዚህ የምንይዘው ሰዓት አልሙኒየም-26 የተባለው ራዲዮአክቲቭ አልሙኒየም ነው። ወደ ማግኒዥየም-26 ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ለመለወጥ የሚወስድበት ጊዜ) 0.72 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሜክሲኮ ላይ እንደወደቀው አሌንዴ ባሉ ሜትዮራይቶች ውስጥ ካልሲየምና አልሙኒየም የበዛባቸው ነጫጭ ቁርጥራጮች አሉ። በእርሳስ ሰዓት (ዩራኒየም ወደ እርሳስ ብረት በመለወጡ) ሲለኩ ዕድሜያቸው 4567.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሲፈጠሩ ከ100,000 የማይለወጡ አልሙኒየም-27 አተሞች ጋር 5 ያህል አልሙኒየም-26 ነበራቸው። የናንተ ናሙና የዚህን ግማሽ ካሳየ በ0.72 ሚሊዮን ዓመት ዘግይቶ የተፈጠረ ይመስላል። "ይመስላል" ያልነው ማግኒዥየሙ አምልጦም ያው ውጤት ሊመጣ ስለሚችል ነው።

በቀላሉ የሚታለለው ማዕድን አኖርታይት ነው። አልሙኒየሙ ብዙ፣ ማግኒዥየሙ ኢምንት ስለሆነ ለልኬት ይመረጣል፤ ግን በዚያው ምክንያት ማግኒዥየም ከበዛበት ጎረቤቱ ከስፒኔል ማዕድን የሚገባ ጥቂት ማግኒዥየም ታሪኩን ያጠፋዋል። አንድ ቁንጥጫ በርበሬ ወተት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይታያል፤ ድስት ሙሉ ቀይ ወጥ ውስጥ ሲገባ ማንም አያውቀውም። ወተቱ አኖርታይት፣ ወጡ ስፒኔል ነው። አልሙኒየሙ ራሱ ከማግኒዥየም በጣም በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ ባለበት ይቀራል።

አሁን ወደ ስሌቱ። በአኖርታይት ውስጥ ለማግኒዥየም በላቦራቶሪ ከተለኩት ዋጋዎች አንዱ ይህ ነው፦ የማንቀሳቀሻ ጉልበት (አተሞቹ ከቦታቸው እንዲነቃነቁ የሚያስፈልገው) 254 ኪሎጁል በሞል፣ መነሻ የስርጭት መጠን (አተሞቹ በማዕድኑ ውስጥ የሚሾልኩበት ፍጥነት የሚሰላበት መነሻ) 7.1 × 10⁻⁸ ሜትር ካሬ በሰከንድ። ጉልበቱን ወደ ጁል ቀይሩ (254,000)፤ ለ8.314 (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) እና ለኬልቪን ሙቀቱ ብዜት አካፍሉት፤ አሉታዊ ምልክት ስጡት፤ 2.718ን ወደዚያ ቁጥር ከፍ አድርጉና በመነሻው መጠን አባዙ። በ800 ኬልቪን፣ ማለትም በ527 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስርጭቱ 1.8 × 10⁻²⁴ ሜትር ካሬ በሰከንድ ይመጣል። ይህን በጊዜው አባዙ፤ አንድ ሚሊዮን ዓመት 3.16 × 10¹³ ሰከንድ ነው። ከዚያ ለቅንጣቱ ራዲየስ ካሬ አካፍሉ። ራዲየሱ 50 ማይክሮን (0.00005 ሜትር) ከሆነ ውጤቱ 0.023 ነው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ፍርድ ሰጪ ነው። ለሉል ቅርጽ 0.001 ሲሆን አሥር በመቶ ያህል፣ 0.03 ሲሆን ግማሹ አምልጧል። 0.023 ማለት 45 በመቶ ገደማ ጠፍቷል፤ ያ ዕድሜ የልደት ዕድሜ አይደለም። ሙቀቱን በ100 ዲግሪ ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ በ427 ሴልሺየስ ብታሰሉት ግን የሚጠፋው 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለ ሙቀቱ ታሪክ ሳያውቁ ስለ ዕድሜው መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመለኪያ አሃድ ነው። በኬልቪን ፋንታ 527ን ራሱን ካስገባችሁ ስርጭቱ 400 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል፤ የተነካካው ማዕድን ንጹሕ ሆኖ ይታያችኋል። ማይክሮንን ወደ ሜትር አለመቀየርም እንዲሁ ነው። ሌላው ወጥመድ ጉልበቱን ከአንድ ጥናት፣ መነሻ መጠኑን ከሌላ ጥናት መውሰድ ነው፤ ሁለቱ አብረው የተለኩ ጥንድ ናቸው፣ አይለያዩም። በ800 ኬልቪን የ10 ኪሎጁል ልዩነት ብቻ ውጤቱን ከአራት ጊዜ በላይ ስለሚቀይር፣ የጉልበቱን የስሕተት ወሰን ከላይም ከታችም ይዛችሁ ስሌቱን ድገሙት።

ራዲየሱንም በጥንቃቄ ያዙ። ቅንጣቱ ስንጥቅ ካለው አተሞቹ የሚያመልጡት በስንጥቁ ነውና የሚቆጠረው በስንጥቆቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ እንጂ የሙሉ ቅንጣቱ ስፋት ግማሽ አይደለም። ጠፍጣፋ ከሆነ የቀጭኑን ጎን ግማሽ ውሰዱ።

ይህን ለመለማመድ ሜትዮራይት አያስፈልግም። ደሴ አጠገብ በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የወሎ ባዛልት ነው። ነጫጭ የፕላጂዮክሌዝ (አኖርታይት የሚመደብበት የማዕድን ቤተሰብ) ቅንጣቶች ያሉበትን ስባሪ ፈልጉ፤ አሥር ጊዜ በሚያጎላ ሌንስና በማስመሪያ ሃያ ቅንጣት ለኩ። የዚህ ድንጋይ ሰዓት ፖታሲየምና አርገን ስለሆነ ልምምዱ ለልኬቱ ብቻ ነው። ግን ራዲየሱን አንድ ሚሊሜትር አድርጋችሁ የላይኛውን ስሌት ብትደግሙት 45 በመቶው ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል።

እውነተኛ የሜትዮራይት ውሂብ ሲቀርብላችሁም በዚሁ ዓይን እዩት። ትንንሾቹ ቅንጣቶች ከትልልቆቹ "ወጣት" ከሆኑ፣ ወይም በአንዱ ቅንጣት ውስጥ ከአልሙኒየም-26 የመጣው የዳሩ ትርፍ ማግኒዥየም-26 ከመሐሉ ካነሰ፣ አምልጧል። ከዳር እስከ መሐል እኩል መሆኑ ብቻውን ነጻ አያወጣውም፤ ሙሉ በሙሉ የተደባለቀ ቅንጣትም እኩል ነው። ያኔ ከዚያው ቁራጭ የእርሳስ ዕድሜ ይፈለግና ሁለቱ ይነጻጸራሉ።