የጥንት ሜቶዲስት ጉባኤን ታሪክ ከመዝገብ እንዴት ማውጣት ይቻላል? ኦሪገን እንደ ምሳሌ

በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የነበረ አንድ የሜቶዲስት (የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት) ጉባኤ «መቼ ተመሠረተ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት ትክክለኛ መልሶች ሊኖሩት ይችላሉ፦ አማኞች መሰብሰብ የጀመሩበት፣ ሰባኪ የተመደበበት፣ ሕንጻው ያለቀበት። በኦሪገን ሲቲ ሰባኪው አልቫን ዎለር በ1840 ሥራ ጀመረ፤ ሕንጻው ግን በ1842 ተጀምሮ በ1844 አለቀ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 1840 የሚለውም 1844 የሚለውም አልተሳሳተም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ክስተቱ፣ ዓመቱ፣ ዓመቱን ያገኛችሁበት ሰነድ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን መስመር ወደ ታሪኩ አታስገቡ።

ፍለጋው የሚጀመረው ከክላስ መዝገብ ነው። ክላስ ማለት ጥንት ደርዘን ያህል ሰው በየሳምንቱ በአንድ መሪ ሥር ተሰብስቦ ስለ መንፈሳዊ ኑሮው የሚጠያየቅበት ትንሽ ኅብረት ነው። ሕንጻ ሳይኖር፣ ሰባኪም በፈረስ እየዞረ ከሳምንታት በኋላ አንዴ ብቅ ሲል፣ ጉባኤውን ያቆየው ይህ ነበር። መሪው የአባላቱን ስም ዘርዝሮ በየሳምንቱ መገኘትና መቅረታቸውን በአጭር ምልክት ያሰፍራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ ገቢ ሙሉ አባል ከመሆኑ በፊት 6 ወር በሙከራ ይቆይ ነበር። አንዱ ሰው በሁለት መዝገብ ላይ በሁለት የተለያየ ቀን ቢገኝ አንዱን ሰርዛችሁ «አስተካከልን» አትበሉ፤ አንዱ ለሙከራ የገባበት፣ ሌላው የጸደቀበት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የዓመታዊ ጉባኤዎች (የአንድ ክልል ሰባኪዎች በየዓመቱ የሚያደርጉት ስብሰባ) ቃለ ጉባኤ ይመጣል። ከ1773 ጀምሮ ያለው ታትሟል፤ ማን ሰባኪ የት እንደተመደበና ስንት አባል እንደነበረ ይነግራል። ጀማሪ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በጥንቱ ዘመን የአባላቱ ቁጥር የሚቀርበው ለአንድ ጸሎት ቤት ሳይሆን ሰባኪው ለሚዞርበት ወረዳ በሙሉ ነው፤ ወረዳው ደግሞ ብዙ መንደሮችን ያቅፋል። ያንን ቁጥር ለአንድ መንደር ከሰጣችሁት ጉባኤያችሁ ያለ ልክ ይገዝፋል።

የሰባኪዎቹን ዝርዝር ለመፈተን ደግሞ አንድ ጥሩ ሚዛን አለ። ከ1804 እስከ 1864 መደበኛ ሰባኪ ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ ቦታ መቆየት አይፈቀድለትም ነበር። በዚያ ዘመን አምስት ዓመት የተቀመጠ ሰው በዝርዝራችሁ ካለ፣ ወይ ተሳስታችኋል ወይ ሰውየው ሚስዮናዊ ነው። ሚስዮናውያን ደንቡ አይመለከታቸውም ነበር።

ኦሪገን ላይ ይህ ልዩነት ክብደት አለው። ጄሰን ሊ ከወንድሙ ልጅ ከዳንኤል ሊ ጋር በ1834 የደረሰው በሚስዮን ማኅበር ተልኮ ነው። የኦሪገንና ካሊፎርኒያ የሚስዮን ጉባኤ የተደራጀው በ1849 ስለሆነ ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ የአካባቢ ቃለ ጉባኤ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። መፈተሽ ያለበት የሚስዮን ማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርትና ደብዳቤ ነው። እሱም ቢሆን ገንዘብ ሰጪዎች እንዲያነቡት የተጻፈ ስለሆነ ተስፋውን ያጎላል፤ የሕንዶች (የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች) ልጆች በሚስዮኑ ትምህርት ቤት በበሽታ ማለቃቸውን የመሰለውን ነገር ከሌላ ምንጭ ጋር አስተያዩ። በኦሪገን ሰሌም ከተማ ያለው ዊላሜት ዩኒቨርሲቲ የቤተ ክርስቲያኒቱን የአካባቢ መዛግብት ይይዛል፤ የመላው አገር ማኅደር ያለው ኒው ጀርሲ፣ ማዲሰን፣ ድሩ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የስም ነገር ሌላ ወጥመድ ነው። እኛ ጋ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ እዚያ ግን በባሏ ስም ትጻፋለች። በ1837 ሰነድ «ሚስስ ሊ» የተባለችው በ1838 ያረፈችው አና ማሪያ ፒትማን ናት። በ1841 ሰነድ ያለችው «ሚስስ ሊ» ግን በ1842 ያረፈችው ሉሲ ቶምሰን ናት። ሁለቱም የጄሰን ሊ ሚስቶች ናቸው። ሴት አባላትን ስትመዘግቡ ከጋብቻ በፊት የነበረውን ስም ፈልጉ፤ ያለዚያ ሁለት ሰው አንድ ይሆንባችኋል።

የመሬት ሰነድ ደረቅ ይመስላል፤ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምናምነው እሱን ነው፤ ሰው በመሬት ሲካሰስ ቀኑን በትክክል እንዲናገር ይገደዳልና። የ1848ቱ የኦሪገን ግዛት ሕግ በሕንዶች መካከል ሚስዮን የያዘውን መሬት እስከ 640 ኤከር (259 ሄክታር ገደማ) አጸደቀ። ሜቶዲስቶች ዘ ዳልስ በተባለ የኦሪገን ቦታ ላይ በ1838 ያቋቋሙትን የዋስኮፓም ጣቢያ በ1847 ለሌላ ሚስዮን አስረክበው ነበር። ኋላ መሬቱን ይገባናል ቢሉም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1883 ሕጉ ሲወጣ በይዞታው ላይ አልነበራችሁም ብሎ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። እንዲህ ያለ ፍርድ ማን መቼ እንደያዘና እንደለቀቀ ስለሚተርክ ከየትኛውም የኢዮቤልዩ መጽሔት ይበልጣል። በመሬት ውል ላይ የባለአደራዎቹን ስምም ቅዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የክላስ መሪዎቹ እነሱው ናቸው።

በመጨረሻ ቦታውን በእግር እዩ፤ በዛሬ ካርታ ላይ ግን አትመኑ። የጄሰን ሊ የመጀመሪያው የሚስዮን ጣቢያ ከሰሌም በስተ ሰሜን በዊላሜት ወንዝ ዳር ነበር፤ የ1861 ጎርፍ አካባቢውን ለውጦታል። የሰሌሙ የጄሰን ሊ ቤትና የሰባኪዎቹ መኖሪያ የ1841 ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከነበሩበት ተነሥተው ዛሬ በሙዚየም ግቢ ቆመዋል። ፎቶ ስታነሡ በፎቶው ጀርባ የተሠራበትንና አሁን ያለበትን ቦታ ለየብቻ ጻፉ።